የአሪስቶትልን እንቁላል ስሰብር የሠራሁት ጅልነት

አሪስቶትልን ማንበብ ስትጀምሩ «መጀመሪያ የሎጂክ መጻሕፍቱን ጨርሱ» ይሏችኋል። እኔም ተብዬ አንድ ዓመት አቃጠልኩ። አትስሟቸው። በእንቁላል ጀምሩ።

ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ክፍል 6 ምዕራፍ 3 ላይ፣ የጫጩትን እድገት ይተርካል። ከሦስት ቀንና ከሦስት ሌሊት በኋላ ልብ እንደ ደም ነጠብጣብ ሆና ስትመታ ትታያለች ይላል። ዘዴውን የወሰድኩት በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት የሕክምና ጽሑፎች ከአንዱ ነው፦ 20 እንቁላል አስታቅፎ በየቀኑ አንድ መስበር።

እንቁላሉን ከሱቅ ገዛሁ። አክስቴ ቤት ሁለት ዶሮዎች ሊታቀፉ ደርሰው ነበር። አስታቀፍናቸው።

2ኛው ቀን ምንም የለም። 3ኛውም፣ 5ኛውም ያው ነጭና አስኳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ322 የሞተው ሊቅ እኔ ሳህን ላይ ተሸነፈ! ቁጭ ብዬ ለምን እንደተሳሳተ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ከፍታው፣ ብርዱ፣ የዶሮው ዝርያ፣ ያልደረደርኩት ምክንያት የለም።

በ7ኛው ቀን አክስቴ ሳህኑን አየት አድርጋ፣ «አንተ፣ ይሄ እንቁላል አውራ ያየው ነው?» አለችኝ።

ባለሱቁን ሄጄ ጠየቅኩት። ከእርባታ የመጣ ነው፣ እዚያ ደግሞ አውራ ዶሮ የለም። የሚያናድደው እሱ አይደለም። ምዕራፍ 2 ላይ፣ እኔ በዘለልኩት፣ አሪስቶትል ራሱ ሴቷ ያለ ወንድ እንደምትጥልና ከዚያ እንቁላል ጫጩት እንደማይወጣ ጽፎታል። ግሪኮቹ «የነፋስ እንቁላል» ይሉታል። ይባስ ብሎ፣ ያ ዓመት ያቃጠልኩበት የሎጂክ መጽሐፉ ነገሩ መኖሩን ሳታረጋግጥ ለምን ብለህ አትጠይቅ ይላል። አስምሬበታለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ! ከዚያ ለሌለ ነገር ሁለት ገጽ ምክንያት።

ሁለተኛውን ዙር አውራ ካለበት ግቢ በተለቀመ እንቁላል ሠራሁት። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስበሩት፤ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ልቧ ቶሎ ቀጥ ትላለች። በሦስተኛው ሌሊት ማግስት አየኋት። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ፣ ዘለል፣ ዘለል። ከዚያ ቆመች፤ ያቆምኳት እኔ ነኝ፣ እስካሁን ይከነክነኛል። አሪስቶትል የስሜት መነሻ አንጎል ሳይሆን ልብ ነው ብሎ መሳሳቱን ግን ከዚያ በኋላ አልፈርድበትም።

በ20ኛው ቀን ገደማ ጫጩቱ ቢነካ ከውስጥ ይጮኻል ይላል። ልሰብር ስል አክስቴ የቀሩትን ሦስቱን ቀማችኝ። «እነዚህንስ ለግሪኩ አልሰጥም!» ጆሮዬን ቅርፊቱ ላይ አስጠግቼ ነው የሰማሁት።