ሶሌም ሄጄ መነኮሳቱን ሰማኋቸው

የጎርጎርዮስ ዜማ የሚባለውን የላቲን ዝማሬ የማውቀው እንደ ብዙ ሰው ከዩቲዩብ ነው። ለእንቅልፍ፣ ለጥናት፣ ለጭንቀት እያሉ የሚለጥፉት። ሰዎቹ ግን የሚዘምሩት እኔን ለማስተኛት አይደለም፣ እየጸለዩ ነው። ስለዚህ በቤቱ ቁጭ ብዬ ልስማው ብዬ ፈረንሳይ ወዳለው የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ወደ ሶሌም ሄድኩ። ከፓሪስ ወደ ምዕራብ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። ሳብሌ የምትባል ከተማ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር። እሁድ ጠዋት ስለነበር መንገዱ ላይ ከእኔና ውሻውን ከሚያንሸራሽር አንድ ሽማግሌ በቀር ማንም የለም።

ገዳሙ ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ነው የሚመስለው። ሳርት የሚባለው ወንዝ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ግንብ። ያ ግዙፍ ሕንፃ ግን እንደሚመስለው የጥንት አይደለም፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አሮጌው ቦታው ነው። ከ1010 ጀምሮ መነኮሳት ኖረውበታል።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነው። ከየት ነሽ፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው የሚል የለም። ደብረ ዳሞ ቢሆን ሴት ስለሆንኩ ገመዱን እንኳ አልነካውም ነበር። መነኮሳቱ የሚኖሩበት ግቢ ግን እዚህም ለእኔ ዝግ ነው። ቅዳሴው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ሕዝቡ ከበሩ በኩል ይቀመጣል፣ መነኮሳቱ ወደ መሠዊያው ጠጋ ብለው በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ። ወደ እኛ ዞሮ የሚያይ የለም። እኛ ባንመጣም ያው ነው፣ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ቆመው ያንኑ ይላሉ። ይሄ ነገር ደስ አለኝ።

መጀመሪያ የያዘኝ ኪርያላይሶን ነው። ላቲኑን አልሰማ፣ ፈረንሳይኛውን ከመጽሐፉ ላይ እያሳደድኩ ሳለ ድንገት «ኪርዬ ኤሌይሶን» አሉ። የስቅለት ዕለት ስንሰግድ የምንለው! እኛ እየወደቅን እየተነሣን፣ ላባችንን እየጠረግን የምንለውን እነሱ ቆመው፣ አንዷን ፊደል ወደ ላይ ወደ ታች እያዞሩ፣ ምንም ሳይቸኩሉ ይስቡታል። እጄ ሳላስበው ነጠላዬን ፈለገ። ጃኬት ነው የለበስኩት።

ዜማው እንዲህ ነው። ሁሉም አንድ ድምፅ ያወጣሉ፣ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን የሚባል ክፍፍል የለም። መዝሙረ ዳዊት ሲሆን አንዱ ወገን አንድ ቁጥር ይላል፣ ሌላው ወገን ቀጣዩን ይቀበላል። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በሉት። እያንዳንዱ ቁጥር መሃል ላይ ግን ቀጥ ብለው ዝም ይላሉ። የጨረሱ ይመስላችኋል። ከአጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዝምታውን ጠብቀው ለማሳል ሲዘጋጁ እነሱ ቀጠሉ፣ ሴትዮዋም ሳላቸውን ዋጡት። ስብሐት ለአብ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ። አንድ አዛውንት መነኩሴ ሌሎቹ ቀና ካሉ በኋላም እዚያው ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ወገባቸው ይሁን ጸሎታቸው እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሳቸው አልተነቀለም።

በመሃል ሰዓት ነበረኝና ሐውልቶቹን አየሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን በ1496 የተሠራ የጌታ ግንዘት አለ፣ ከድንጋይ፣ በሰው ቁመት። ሁሉም ቆመው በድኑን ያወርዳሉ፣ መግደላዊት ማርያም ግን ከፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። እጆቿን አጣምራ ወደ አፏ አስጠግታለች። አታለቅስም። አልቅሳ የጨረሰች ሴት ፊት ነው ያላት። ለቅሶ ቤት ያየኋቸውን ሴቶች አስታወሰችኝና ከፊቷ ብዙ ቆየሁ።

እኔን ከድምፁም በላይ የነካኝ ግን የዜማው ታሪክ ነው። ይሄ ዝማሬ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ገዳሙ ተዘጋ፣ መነኮሳቱ ተበተኑ። ዜማውም ከዚያ በፊት ተጎሳቁሎ ነበር፣ በየጊዜው ያሳተሙት ሰዎች ረዘመብን እያሉ ጎማምደውታል። በ1833 ፕሮስፔር ጌራንዤ የሚባል እዚያው ሳብሌ የተወለደ የ28 ዓመት ቄስ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ባዶውን ገዳም ተከራይቶ ገባ። ተከራይቶ! ከዚያ ተከታዮቹ የድሮውን ዜማ ፍለጋ በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ዞረው የብራና መጻሕፍቱን መገልበጥ፣ በኋላም ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ከ1889 ጀምሮ አንድሬ ሞክሮ የሚባሉት መነኩሴ ፎቶዎቹን በተከታታይ ቅጽ ያሳትሙ ገቡ። አንዱን ዜማ ብቻ፣ እኛ በምስባክ «ጻድቅሰ ከመ በቀልት ይፈሪ» የምንለውን የዳዊት ቃል፣ ከ200 በላይ ከሆኑ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ጎን ለጎን አሳዩ። እዩት፣ በየአገሩ የተጻፈው ያው አንድ ዜማ ነው ለማለት። በ1908 ሮም ያሳተመችው የዜማ መጽሐፍም የተመረኮዘው የእነሱን ሥራ ነው። በመሃል ደግሞ በ1901 በወጣ ሕግ ከአገር ወጥተው እንግሊዝ ዋይት ደሴት ላይ ተሰደው ኖረዋል፣ የተመለሱት በ1922 ነው።

ይሄን ሳስብ የእኛው የዜማ መጽሐፍ ድጓው መጣብኝ። የእኛ ክር አልተበጠሰም። ከቅዱስ ያሬድ የመጣው ዜማ፣ ሦስቱም ዓይነት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ ዛሬም ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው የሚሄደው፣ ድጓ መማሩን ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም የሚሄድ ተማሪ ዛሬም አለ። ከቃሉ በላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክትም አለን። በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት አስያዙት የሚባሉት ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት። ግን ምልክት ማስታወሻ ነው። ዜማውን ከመምህር ያልሰማ ሰው ከምልክቱ ብቻ አንስቶ አያዜመውም። የእነሱም የጥንቱ ምልክት እንደዚሁ ነበር፣ ድምፁ ወጣ ወይም ወረደ ይላል እንጂ ስንት እንደወጣ አይናገርም። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የደከሙት፣ አንዱን ብራና ከሌላው እያስተያዩ። እኛ ዘንድ መምህሩም ተማሪውም ሲቀንስ፣ የቆሎ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምን ይሆናል? እኔ በበኩሌ መምህራኑ በሕይወት እያሉ ድምፃቸው ቢቀረጽ፣ ድጓው ከነምልክቱ ፎቶ ቢነሣ እመርጣለሁ። የፈረንሳዮቹ ትዕግሥት አስቀንቶኛል፣ አልዋሽም።

ዝማሬያቸው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ለእኔ ሲበዛ የተወለወለ ነው። ላብ የለውም። ወረቡ ሲሞቅ፣ ከበሮው ሲፋጠን፣ አንዱ ሊቅ ዓይኑን ጨፍኖ መቋሚያውን ሲያነሣ ያለው ነገር እዚህ የለም። ይሄ ዜማ አያስፈነድቅም፣ ቀስ እያለ ልብን ያወርዳል። ሁለቱንም ወደድኳቸው፣ ግን አንዱ ብቻ ነው ያሳደገኝ።

ማታ 11 ሰዓት ላይ ለሠርኩ ጸሎት ተመልሼ ገባሁ። መጨረሻው ላይ ሁሉም ብድግ ብለው የእመቤታችንን ጸሎት ዘመሩ፣ «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር»ን። እዚያ ላይ በላቲን ልከተላቸው አልሞከርኩም፣ በግዕዝ ሹክ እያልኩ እኩል ሄድን። እኔ ቀድሜ ጨረስኩ፣ ያው እኛ ስንደግም ፈጣን ነን።

ባቡር ላይ እማዬ ደወለች። የት ዋልሽ አለች፣ ነገርኳት።

«ካቶሊኮቹ ቤት? ምን ልትሠሪ?»

«መነኮሳቱን ልሰማ ነው እማዬ። ደስ ይላሉ።»

«ከበሮ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ጸናጽልስ?»

«የለም። ኦርጋን አለ፣ እሱም አልፎ አልፎ ነው።»

«እልልም አይባል?»

«ኧረ አይባልም።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ምስኪኖች» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው? ለመሆኑ ምሳ ይበላሉ?»