ፍራሼን ያበሰበሰው ውሃ

በስደት ኑሮዬ በሦስተኛው ዓመት የቤት ኪራይ ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ፣ አንድ አሮጌ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ገዝቼ ከኋላው በኮምፔርሳቶ አልጋ ሠራሁና ገባሁበት። ብርዱ በገባ በሁለተኛው ወር አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ገልበጥ ሳደርገው ጣውላው ላብ እንዳሰመጠው ጀርባ ወዝቷል፤ የፍራሹ ሆድ ደግሞ ትከሻዬና ዳሌዬ በሚያርፉበት ቦታ ልክ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቷል። ሻጋታው የእኔኑ ቅርጽ ይዞ ስለነበር፣ ከመጸየፍ ይልቅ ደነገጥኩ ብል ይቀለኛል።

መቼም ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው ብዬ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቼ መጋጠሚያውን ሁሉ በሲሊከን ደፈንኩ። ፍራሹ ግን መራሱን አልተወም። በመጨረሻ መኪና የሚጠግኑ አንድ የአገር ልጅ፣ ጋሼ የምላቸው አባት፣ ውስጡን በባትሪ ዞረው ካዩ በኋላ፦ «ልጄ፣ ጣሪያውስ አያፈስም፤ የምታፈሰው አንተ ነህ» አሉኝ። ሣቅሁ እንጂ አላመንኳቸውም ነበር።

ነገሩ ግን እርሳቸው እንዳሉት ነው። አንድ አዋቂ ሰው ላብ ሳይታይበት እንኳ በትንፋሹና በቆዳው በቀን ወደ 800 ሚሊ ሊትር ውሃ ያወጣል፤ ስምንት ሰዓት ሲተኛ ሩብ ሊትር ገደማ፣ ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል የውሃ ተን መያዝ ሲችል፣ ወደ 5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ7 ግራም በላይ አይችልም፤ የተረፈው ባገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በመስኮቱ ላይ የሚወርደውን ሁሉም ሰው ስለሚያየው ይጠርገዋል። የማይታየው በሰውነታችን ሙቀት ተገፍቶ በስፖንጁ ውስጥ ወደ ታች የሚዘልቀውና ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ ውሃ የሚሆነው ነው። ሻጋታው የእኔን ቅርጽ የያዘውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ይህን ሳላውቅ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት ፍራሹን በላስቲክ መጠቅለሌ ነው፤ ላስቲኩ ከታች የሚመጣ ውሃ ይከለክልልኛል ብዬ ከላይ የሚወርደውን ውስጡ አቆርኩት። ስፖንጅ አንዴ ውስጡ ድረስ ከሻገተ ታጥቦ አይጠራምና ፍራሹን ጣልኩት። ኮምፔርሳቶውን በአቼቶ ፈትጌ ካደረቅሁ በኋላ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፤ አቼቶና በረኪና ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጠር በረኪናውን በአጠገቤ አላስደረስኩም።

ከዚያ ኮምፔርሳቶውን አንሥቼ በሁለት ጣት ክፍተት የተደረደረ ርብራብ አደረግሁበት፤ በርብራቡና በአዲሱ ፍራሽ መካከልም አየር የሚያሳልፍ ሻካራ የፕላስቲክ መረብ አነጠፍኩ። የፍራሹን ጠርዝ ከመኪናው ላሜራ ጥቂት አራቅሁት። ርብራቡ ብቻውን ግን ዋጋ አልነበረውም፤ ከአልጋው ሥር ሻንጣና ልብስ እስከ አፉ ጠቅጥቄ ስለነበር አየሩ የሚመላለስበት መንገድ አልነበረም፤ ግማሹን ካወጣሁ በኋላ ነው ለውጡን ያየሁት።

ከሁሉ የከበደኝ በብርድ ሌሊት የጣሪያውን መተንፈሻና የፊት መስኮቱን ጥቂት ከፍቶ መተኛት ነበር። ሙቀቴን ለማዳን ስል ሁሉን ዘግቼ በተኛሁበት ሌሊት የእርጥበት መለኪያዬ ንጋት ላይ 85 በመቶ አሳይቶኛል፤ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ነው የምጥረው። በጋዝ ምድጃ መሞቅም ያው ነው፤ 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከ1.5 ኪሎ በላይ ውሃ አየሩ ውስጥ ይለቃል፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሳይቆጠር ነው። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ የናፍጣ ማሞቂያ ካስገባሁ ወዲህ ሙቀቱ ደረቅ ሆኗል። እርጥበት ይመጥጣሉ ተብለው የሚሸጡትን የጨው ሣጥኖችም ሞክሬያለሁ፤ ለቁምሣጥን ይሆኑ ይሆናል፣ ሰው ለሚተኛበት መኪና ግን ባሕርን በማንኪያ መጭለፍ ነው።

አሁን ከእንቅልፌ እንደተነሣሁ ፍራሹን በአንድ ጎኑ አቁሜ ግማሽ ሰዓት አናፍሰዋለሁ፤ በዚያው መዳፌን በርብራቡ ላይ አስኬዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከኋላ ጎማው በላይ ያለችው ጣውላ ብቻ ወዝታ አገኘኋት፤ ከሥሯ ያለው ላሜራ ብርድ የሚከላከል ልባስ የሌለው፣ ራቁቱን ነው። ቅዳሜ እርሷን ነቅዬ ላሜራውን አልብሰዋለሁ።