ማን ነው ይህን ያለው?

ለአለቃችን ኮች፣ ማለትም አመራራቸውን እንዲያሻሽሉ የሚያግዝ ባለሙያ፣ ሊቀጠርላቸው ነው ሲባል ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል የሪሴፕሽን ኃላፊ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሥራ ያውቃሉ። የትኛው ክፍል ሙቅ ውኃ እንደሚቆራረጥበት ሳይቀር በቃላቸው ይዘዋል። ችግሩ ቁጣቸው ነው። የሚቆጡት ደግሞ እንግዳ ፊት ነው።

ኮቹን ከአዲስ አበባ ያስመጡት የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። መጥቶ ሁላችንንም ተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ከአለቃችን ጋር በቪዲዮ ነበር የሚገናኙት። ኮች እንደ አሠልጣኝ ቆሞ አያስተምርም፤ ይጠይቃል። ምን መለወጥ ይፈልጋሉ? አሁን ነገሩ እንዴት ነው? ምን አማራጭ አለ? የትኛውን፣ መቼ ይጀምራሉ? መልሱን የሚያመጣው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ይህን አካሄድ እወደዋለሁ። ሰው ራሱ ያመጣውን ሐሳብ ቶሎ አይጥለውም።

ከዚያ በፊት ግን መጠይቅ አለ። 360 ዲግሪ ይሉታል። ስለ አንድ አለቃ ከበላዩ፣ ከጎኑና ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይጠየቃሉ። ከሥር ያለነው የክፍል ኃላፊዎች አራት ነን፤ ወጥ ቤት፣ ሀውስኪፒንግ (የክፍሎች ጽዳት)፣ ጥገናና እኔ። «ስም አይጻፍም፣ ማን እንዳለው አይታወቅም» ተባልን። እኔም አምኜ ጻፍኩ፦ ሥራ ያውቃሉ፣ እናከብራቸዋለን፤ እንግዳ ፊት ሲቆጡን ግን እንግዳውም ይሸማቀቃል።

ብዙም ሳይቆይ አለቃችን ጠዋት ስብሰባ ላይ ወረቀት ይዘው ገቡ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አነበቡት።

«ማን ነው ይህን ያለው?»

ሁላችንም ዝም አልን።

«እንግዳ ፊት ቆሞ የሚውል ማን እንደሆነ አይጠፋኝም እኮ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ጆሮዬ ጋለ። አፌን ሳልከፍት የሀውስኪፒንግ ኃላፊዋ ቀደሙኝ። እትዬ ነው የምንላቸው፤ ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው።

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እርስዎ? እርስዎን መቼ እንግዳ ፊት ተቆጣሁ?»

«እኔን አልተቆጡኝም። በሥሬ የሚሠሩትን ልጆች ግን ኮሪደር ላይ፣ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ እያለፈ ተቆጥተዋል። ጋሼ፣ ማን አለው ከሚሉ፣ እውነት ነው ወይ ቢሉ አይሻልም?»

አለቃችን ወረቀቱን አጠፉትና ወደ ዕለቱ ቡኪንግ አለፉ። እትዬ ስለ ኮቺንግ አንድ ቀን እንኳ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያቺን ጥያቄ ግን የትኛውም ኮች ቢጠይቃት ይኮራባት ነበር።

ከሰዓት ኮቹ ጋር ደወልኩ። «የጻፋችሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው ያደረስኩት» አለኝ። እስካሁን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሥራውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ከሦስት ያነሱ ሰዎች የሰጡትን መልስ ለብቻው አያሳዩም። እኛ አራት ነን፤ በቁጥር አልፈናል። ግን አራት ሰው ባለበት ቤት አነጋገር ራሱ ስም ነው። ስለዚህ በጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት በየርዕሱ ይሰበሰብና በሌላ አባባል ይቀርባል። ማን ምን እንደሚያይም ገና ከመጀመሪያው ከአሠሪው፣ ከአለቃውና ከኮቹ ጋር ስምምነት ይደረስበታል። ለእኛ ይህ አልተደረገልንም። እትዬም ያልጻፉትን ተሸከሙ።

የኮቺንጉን ጥቅም ግን አልክድም። የከተራ ዕለት አየሁት። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ የጎንደር ሆቴል ሠራተኛ ደግሞ በዓመት ውስጥ እንደዚያን ሰሞን የሚጨነቅበት ጊዜ የለም። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ መኪና አያልፍም። በዚያ ሰዓት አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ተይዞ ተገኘ። ሎቢው ጢም ብሏል። አለቃችን መጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ድምፃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ግን ቆም አሉ።

«ነይ እስቲ ቢሮ» አሉኝ።

በሩን ዘጉና «ምን ይሻላል ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። እስክጨርስም ሰሙኝ። አንደኛውን እንግዳ በእግር ወደሚደረስ ሌላ ሆቴል በእኛ ወጪ አሳደርነው። እንግዳ ፊት አንድ ክፉ ቃል አልወጣም። ያን ዕለት በጣም አከበርኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ለውጡን ለመለካት ሁለተኛው መጠይቅ መጣ። አራታችንም ቁጥሮቹን አክብበን፣ የአስተያየቱን ቦታ ባዶ ትተን መለስን። ባለቤቱ «ቅሬታ ጠፍቷል» ብለው መደሰታቸውን ሰማሁ። ስለ ከተራው ለመጻፍ እኔ ራሴ ስንት ደስ የሚል ነገር ነበረኝ። ደውዬ ለምን ባዶ እንደሆነ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ወረቀት ስብሰባ ላይ መነበቡን አያውቁም ነበር።