ቅቤ ቅቤ የሚል ቢራ

ሥራዬ የድራፍት ማሽን ማጠብና መጠገን ነው። ሰው ሲሰማ ይቀናል። «ከቤት ቤት እየዞርክ ቢራ ትቀምሳለህ፣ ደመወዝም ይከፈልሃል!» ይሉኛል። አብዛኛውን ቀን ባንኮኒ ሥር ተንበርክኬ እንደማሳልፍ ማንም አይጠይቅም።

መጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ሥራው ቆመ። መጀመሪያ ባሕር ዳር እንቅስቃሴ ተከለከለ። ቀጥሎ የአምስት ወሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። በየመጠጥ ቤቱ ቱቦ ውስጥ የቀረው ቢራ ግን እዚያው ከረመ።

መስከረም 2013 ላይ ቤቶቹ ድራፍት መልሰው ሊጀምሩ ሆነ። ከመስቀል ማግስት አለቃዬ ለእኔና ለሾፌሩ ፒክአፕ ሰጥቶ ላከን። ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ የጣናን ምሥራቅ ይዘን፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን እያልን እስከ ጎንደር። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 14 ቤት፣ አራት ቀን።

ሥራውን ላስረዳችሁ። ድራፍት ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው በቀጭን ቱቦ ነው የሚመጣው፣ ጋዝ እየገፋው። ቱቦው ካልታጠበ ውስጡ ልጋግ የመሰለ ነገር ይይዛል። እዚያ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ዳይአሴቲል የሚባል ነገር ያወጣሉ። ሽታው ልክ እንደ ቅቤ ነው። ስለዚህ ቱቦው በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ ኮስቲኩ ጨርሶ እስኪለቅ በውሃ ይለቀለቃል። ቧንቧው ተፈትቶ ትንንሾቹ ጎማዎች በብሩሽ ይፈተጋሉ። ቢራው የሚደበቀው እነሱ ሥር ነው። ከዚያ ትቀዳለህ፣ ታሸታለህ፣ ትቀምሳለህ። ቅጹ ላይ «ሽታ» የሚል መስመር አለ። «ደህና» ብለህ ትፈርማለህ።

ማክሰኞ ወረታ ስንደርስ ራሴን አመመኝ። የፎገራ ሜዳ በሩዝ አረንጓዴ ሆኗል፣ አየሩ ወበቅ ነው። ፀሐይ መታኝ ብዬ አለፍኩት። ሳል የለኝ፣ ትኩሳት የለኝ። አፍንጫዬም አልተዘጋ። ለእኔ ኮሮና ማለት ሳልና ትኩሳት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለኝ። ለካ እኔ በዓይኔ ሳይሆን በአፍንጫዬ ነው የምሠራው። በደህናው ጊዜ ሽታ ካለ ቧንቧውን እፈታ ነበር። ከሌለ መፍታቱን እዘለው ነበር። (አዎ፣ መዘለል የለበትም። እያወቅኩ ነበር የምዘለው።) በዚያን ቀንና በማግሥቱ ደግሞ የትም ቤት ሽታ የለም። አምስት ቤት፣ አምስት «ደህና»። «ዛሬ እጄ ተፍታቷል» ብዬ ሾፌሩ ላይ ሁሉ ጎረርኩ።

ረቡዕ ማታ የምናድረው አዲስ ዘመን ነበር። ሾፌሩ «ከአንተ ቢራ የእማማ ጠላ ይሻለኛል» ብሎ ደንበኛው ወደ ሆኑ እናት ቤት ወሰደኝ። ጠላ ተቀዳልን። አንድ ሁለት ጊዜ ተጎነጨሁና አፌ አላርፍ አለ።

«እማማ፣ ጠላው ቀጠነሳ። ጌሾ ተወደደ እንዴ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። «በጠላዬ ታምቼ አላውቅም ልጄ» አሉ፣ ረጋ ብለው።

ሾፌሩ ነገር ሊያበርድ መሰለኝ፣ ለናሙና በሃይላንድ የያዝኩትን የመጨረሻውን ቤት ድራፍት ከመኪናው አመጣ። «እስቲ የእሱን ደግሞ ይዩለት።» ብርጭቆ ላይ ቀዳላቸው። እማማ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ሳይቀምሱ መለሱት።

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ቅቤ የገባበት ነገር በጾም ታቀርቡልኛላችሁ?»

ሾፌሩ አሸተተ። ፊቱ ተጨማደደ። እኔ አሸተትኩ። ምንም። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ቤቱን ያየሁት። እማማ ጋናቸውን በግራዋ አጥበው በወይራ እያጠኑ ነበር። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። የሾፌሩ ዓይን ያለቅሳል። ለእኔ ግን ጭሱ የሚታይ ነገር ብቻ ሆኗል።

ማስኬን አገጬ ላይ አንጠልጥዬ ነበር። ወደ ላይ ስቤው ወጣሁ። ደጅ ቆሜ ለአለቃዬ ደወልኩ።

«አሁን ምን ይሸትሃል?»

«ምንም።»

«ስንት ቤት ነው ደህና ያልከው?»

«ከትናንት ወዲህ አምስት።»

«ተመለሱ።»

ተመረመርኩ፣ ኮሮና ነው ተባልኩ። ቤቴ ራሴን ለየሁ። ሾፌሩ ነጻ ሆነ፣ በተአምር። እማማ ጋ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየሁለት ቀኑ እየደወለ ይጠይቃቸው ነበር። ደህና ነበሩ። ደውሎ እስኪነግረኝ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ሌላ ባለሙያ ሄዶ አምስቱን ቤቶች ሲያይ አራቱ ቅቤ ቅቤ ይላሉ። አንዱ ባለቤት ደንበኞቹ ብርጭቆ ሲመልሱበት አምሽቶ በመጨረሻ በርሜሉን ደፍቶታል። ይቅርታ ልጠይቀው ብደውል ስልኩን ዘጋብኝ። አልፈርድበትም። አፍንጫዬን የወሰደው ኮሮና ነው፣ ቧንቧውን ያልፈታሁት ግን እኔ ነኝ።

አሁን ቅጻችን ላይ ሁለት ፊርማ አለ። ያጠበው ሰው ብቻውን «ደህና» አይልም። ቧንቧው ሸተተም አልሸተተም ይፈታል። እኔ በግሌ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ የቡና ቆርቆሮ ከፍቼ አሸታለሁ። ሚስቴ ትስቅብኛለች። ሽታ የተመለሰልኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የሸተተኝ የራሴው ካልሲ ነበር፣ እንደዚያን ቀን በካልሲ ተደስቼ አላውቅም።

ኋላ በአዲስ ዘመን ሳልፍ እማማ ጋ ገባሁ። አወቁኝ። ባዶ ጣሳ አቀረቡልኝ፣ ጠላ የለበትም።

«አሽትት» አሉ።

«ወይራ» አልኩ።

«እንግዲያ ልቅዳልህ።»