ኩበር ፒዲ ላይ ጎማ ሲተነፍስ

አገር ቤት መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጆች ከየት እንደመጡ ሳታውቅ ይከቡሃል። አንዱ ድንጋይ ያቀብልሃል፣ ሌላው መኪናውን ይገፋል፣ ሦስተኛው ቆሞ ምክር ይሰጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ኩበር ፒዲ አጠገብ ጎማዬ ሲተነፍስ ሳላስበው ዞር ዞር አልኩ። ማንም የለም። ዝንብ ብቻ።

ኩበር ፒዲ ከአደሌድ ወደ ሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስቱዋርት አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣባት ከተማ ናት። ኦፓሉን በ1915 ያገኘው ዊሊ ሃቺሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ እነ አባቱ የመጡት ወርቅ ፍለጋ ነበር። በጋ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙ ሰው የሚኖረው ከመሬት በታች ነው። ሰርቦች እንኳ ቤተ ክርስቲያናቸውን ከአለት ፈልፍለው ሠርተዋል። ገብቼ ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ላሊበላ ያየ ሰው ይገባዋል።

እኔን የሳበኝ ግን ከከተማው ውጭ ያለው ነው። ካንኩ ብሬክአዌይስ የሚባሉት ኮረብታዎች ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው። የመግቢያ ፈቃዱን ከተማ ውስጥ ገዛሁ። ኮረብታዎቹ ነጭ፣ ቢጫና ዝገት የመሰለ ቀይ ቀለም ያላቸው ናቸው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያየሃቸው ይለዋወጣሉ። ከዚያ ዲንጎ የተባለውን የዱር ውሻ ከበጎች የሚለየውን አጥር ተከትዬ ሙን ፕሌን በሚባለው ሜዳ በኩል ልመለስ አልኩ። አጥሩ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሜዳው ደግሞ ድሮ የባሕር ወለል ነበር፤ ዛፍ የሚባል ነገር የለውም።

ጎማዬ የተነፈሰው እዚህ ጋ ነው። ክሪኩን አውጥቼ ስኮርታውን ሳወርድ እሱም ለስላሳ ሆኖ አገኘሁት። አከራዩን ረገምኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስረከብ በእግሬ መታ መታ አድርጌ ያለፍኩት እኔው ነኝ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ውሃ ግማሽ ጠርሙስ ቀርቶኛል። በእግሬ ልሂድ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ደግነቱ ትቼው መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የጎማ መንፊያ የያዙ ሽማግሌ ባልና ሚስት ደረሱልኝ። ስመለስ መሽቶ ካንጋሮ እንዳልገጭ እያልኩ እንደ ኤሊ ነው የነዳሁት።

በማግስቱ ሰው ሆንኩ። ስኮርታውን አስነፋሁ፣ 20 ሊትር ውሃ ጫንኩ፣ የት እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምመለስ ለማረፊያዬ ባለቤት ነገርኩ። ወደ ዊልያም ክሪክ የሚወስደው ፒስታ ክፍት መሆኑንም ጠየቅኩ፤ ዝናብ ከጣለ ይዘጋል፣ በተዘጋ መንገድ መንዳት ደግሞ ያስቀጣል። ማዕድን ማውጫው ሜዳ ላይ ፎቶ ላነሳ ብዬ ወደ ኋላ መራመድ ተውኩ። ያልተደፈኑ ጉድጓዶች በየቦታው አፋቸውን ከፍተዋል።

የመጨረሻውን ቀን ሕዝብ እንዲፈልግ በተፈቀደው ቦታ የአፈር ክምር ስበረብር ዋልኩ። ድንጋዮቹን ባልዲ ውስጥ እያጠብኩ፣ ወደ ፀሐይ እያዞርኩ። ያገኘሁት ቀለም የሌለው ነጭ ኦፓል ነው፤ ዋጋ የለውም። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀለበቴን አይተው «ወሎ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። የደላንታ ሰው መሆኔን ስነግራቸው ሳቁና ወደ ጣቴ ጠቆሙ። እሳት የመሰለው ድንጋዬ ጠፍቶ መስታወት ሆኗል።

«የእናንተው ውሃ ይጠጣል፣ የእኛው አይጠጣም። እሳት ዳር እንዳትወስደው፤ በራሱ ጊዜ ይድረቅ» አሉኝ።

ቀለበቱን አውልቄ በመሀረብ ጠቀለልኩት። አደሌድ ከገባሁ በሁለተኛው ቀን ስፈታው መጀመሪያ አረንጓዴው ተመልሶ ነበር። ቀዩ ገና ነው።