አጎቴን አዲስ አበባን ያስጎበኘሁበት ቀን፣ ከእንጦጦ እስከ አፍሪካ አዳራሽ በር

አጎቴ ለሐኪም ቀጠሮ ከደሴ መጡ። ሕክምናው ማክሰኞ አለቀ። የመመለሻ መኪናቸው ሐሙስ ሌሊት ነው። መሐል ላይ አንድ ረቡዕ ተረፈን።

አጎቴ ሥዕል አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ከጋዜጣ ቆርጠው ለተማሪዎቻቸው ብላክቦርድ ላይ ይለጥፉ ነበር። ጋዜጣው ጥቁርና ነጭ ነው። በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ስለዚህ የቀኑ መጨረሻ እሱ እንዲሆን ወሰንን። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። ቀድሜ ለዘጠኝ ሰዓት አስመዘገብኩ፣ መታወቂያችንን ያዝን።

አልደረስንም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኛ እንዳይሆን ነው።

መንገዱ ከላይ ወደ ታች ነው፤ እንጦጦ፣ ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ከዚያ ወደ ስታዲየም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝን። ሰው ሁሉ ሙዚየሙን አስቀድሙ ይላል፤ እኔ አልስማማም። ሙዚየሙ ቀኑን ሙሉ አለ። ወፍና ድኩላ ግን ፀሐይ ከበረታ አታገኟቸውም።

እንጦጦ ላይ ገና ከታክሲ ሳንወርድ ነው ጩኸቷን የሰማነው። አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃታል፤ ጠዋት ጠዋት በጣሪያ ላይ እንደሚያሽካካ ሰው እየጮኸች የምታልፈው ትልቅ ወፍ። አፏ ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ ነው። ጉሮሮዋ ሥር ቆዳ ተንጠልጥሏል። ክንፏን ስትዘረጋ ነጭ ይታያል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አትገኝም። ዕድሜ ልካችንን ቀና ብለን ሳናያት መኖራችን ያሳዝነኛል።

ከጽዶቹ ሥር ደግሞ የምኒልክ ድኩላ ቆሞ ነበር። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው። ጆሮውን ወደ እኛ አዙሮ ቀጥ አለ። አጎቴ ከፊት፣ ድኩላው ሠላሳ እርምጃ ያህል ከኋላቸው። አነሳሁ። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ከዚያ ጫካው ውስጥ ገባ።

ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ጋ አንድ ሰዓት ቆየን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለሦስት ቀን የተጨፈጨፉት መታሰቢያ ነው። የነሐስ ምስሎቹን የሠሩት ዩጎዝላቪያውያን ቀራጺዎች ናቸው። እኔ ስንቴ በታክሲ አልፌበታለሁ። አጎቴ ግን ክንዴን ይዘው፣ «ፊታቸውን ተወውና እጃቸውን እይ» አሉኝ። እጆቹን ተራ በተራ አሳዩኝ። ከዚያ በፊት ሐውልት እንደዚህ እንደሚታይ አላውቅም ነበር። እዚያው ስድስት ኪሎ ያለው የአንበሳ ግቢ አልገባንም፤ በነፃነቱ የቆመ እንስሳ አይቼ በዚያው ጠዋት የታጠረ ማየት አልፈለግኩም።

ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አየን፤ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው። ፒያሳ የምኒልክን ሐውልት ዞርነው። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ያነሳው፣ ከነፃነት በኋላ የተመለሰ ሐውልት ነው። ምሳ በላን። ሰዓቱ ሰባት ከሃያ ነበር። ጊዜ ተርፎናል ብዬ በእግር እንውረድ አልኩ።

ቦታውን አልጠራም። መንገድ ዳር የቆመ ሐውልት ነው። አናቱ ላይ አንድ ቁራ አርፏል፤ ማንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት የአገራችን ቁራ። ስልኬን አነሳሁ። ከሐውልቱ ጀርባ የአንድ መሥሪያ ቤት በር እንዳለ ልብ አላልኩም።

ፊሽካ ተነፋ። ጥበቃው መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ፎቶ ክልክል ነው።»

«ክልክል ነው የሚል ምልክት የታለ?»

«ምልክቱ እኔ ነኝ። አጥፋውና ሂድ።»

እዚህ ላይ አንድ ፎቶ አጥፍቼ መሄድ ነበረብኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው መውጫውን በእጄ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን «በየትኛው ሕግ?» አልኩ። ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። ሰው ቆም ብሎ ማየት ጀመረ። ጥበቃውም በሰው ፊት መሸነፍ አልፈለገም። ስልኬን ተቀበለኝና «ኃላፊው ይምጣ» አለ።

ኃላፊው ምሳ ወጥቷል። በሩ ጥግ አቆሙን። ወንበር የለም፣ ጥላ የለም። የ70 ዓመት ሰው፣ ትናንት ከሐኪም የወጡ ሰው፣ የመድኃኒት ፌስታላቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆሙ። «እሳቸው እንኳ ይቀመጡ» ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል ሆነ። ቀጠሮ እንዳለን ተናገርኩ፣ ለመንኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ። በተቆጣሁ ቁጥር ይበልጥ ይረሱናል።

ኃላፊው ዘጠኝ ሊሆን አሥር ሲል መጣ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ወፍ ነው ያነሳው። ከፈለግህ ክፈተውና እይ» አሉት። ይኼው ነው ያሉት። ሰውየው ለሳቸው ይቅርታ ጠየቀ። ስልኩን ለመመለስ ግን «ለማንኛውም» ብሎ የዚያን ቀን ፎቶ በሙሉ አጠፋ። የተሰረዘው የሚቀመጥበትንም ገብቶ ባዶ አደረገው። ቁራው ሄደ። ድኩላውም ሄደ። ያን ጠዋት እንጦጦ ላይ የተነሳ ፎቶ የሱን በር ምን ያደርገዋል? አሁንም መልስ አላገኘሁም።

አፍሪካ አዳራሽ በር ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። የዘጠኝ ሰዓቱ ቡድን ገብቷል፤ ለዕለቱ ሌላ የለም። በሩ ላይ የነበሩት በጨዋ ደንብ ነው የመለሱን፤ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። መስታወቱ ያለፈውን፣ የዛሬውንና የነገውን የአፍሪካ ታሪክ የያዘ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥራ ነው። አጎቴ በአጥሩ በኩል ትንሽ አዩና «በቃ፣ ደክሞኛል» አሉ።

እኔ እንግዲህ የምመክረው ይህን ነው። ቀጠሮ ያለበትን ነገር ጠዋት ያዙ እንጂ እንደኔ መጨረሻ ላይ አታድርጉት። ለእንስሳቱ ሌላ ጠዋት ፈልጉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ ይባላል። እኔ በየሄድኩበት ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «አይቻልም» ብቻ ነው፤ ስለዚህ በር፣ አጥርና ጥበቃ በሚታይበት ቦታ ስልክ ከኪስ አይውጣ። በዓይን ማየት ይበቃል። ያነሳችሁትን እዚያው በቴሌግራም ለቤተሰብ ላኩ። እኔ እንጦጦ ላይ ኔትወርክ እያለኝ «ማታ እልካለሁ» ብዬ ነው ያጣሁት። አጥፋ ካሏችሁ አጥፉ። በተለይ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ ክርክሩን ለብቻችሁ ለምትሆኑበት ቀን አቆዩት።

ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ አጎቴ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ላይ ድኩላውን ሣሉት። ወደ እኛ የዞረውን ጆሮ፣ ከኋላው የነበረውን ጽድ። «ቀንዱ እንዲህ ነበር አይደል?» አሉኝ። እንዲህ ነበር።

ቀጣዩ የሐኪም ቀጠሯቸው ኅዳር ላይ ነው። አዳራሹን ከአሁኑ ለጠዋት አስመዝግቤያለሁ።