ያለቀ የጎማ ኩሽኔታ፦ ጆሮዬ ያሳሳተኝን እጄ አገኘው

መጀመሪያ የሰማሁት ከሩቅ እንደሚመጣ የአውሮፕላን ድምፅ ነበር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጀምራል። 80 ስደርስ መኪናውን ይሞላዋል። ማርሹን ዜሮ አድርጌ ሞተሩን ዝቅ ሳደርገው ድምፁ አልቀነሰም። የሚቀንሰው መኪናው ራሱ ሲዘገይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር አይደለም፤ ከጎማ ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ።

ከዚያ ተሳሳትኩ። የፊት ጎማዎቹ ወጣ ገባ ሆነው ተበልተው ስላየሁ ጥፋቱን ለእነሱ ሰጠሁና ወደ ኋላ አዛወርኳቸው። ድምፁ እዚያው ፊት ቀረ። የጎማ ቢሆን ኖሮ አብሮ ወደ ኋላ በሄደ ነበር። በኋላ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። የጎማ ጩኸት የአስፋልቱ ዓይነት ሲቀየር ይቀየራል። የእኔው ግን ሸካራውም ላይ ለስላሳውም ላይ ያው ነበር።

ፍንጩን የሰጠኝ ረጅም ኩርባ ነው። መሪውን ወደ ግራ ስይዝ ጩኸቱ ይብሳል። ወደ ቀኝ ስይዝ ጭራሽ ይጠፋል። መኪና ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ በቀኝ ጎማዎች ላይ ይጫናል፤ ያለቀ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ደግሞ የሚጮኸው ሸክም ሲበዛበት ነው። ስለዚህ የተጠረጠረው የቀኙ ሆነ። የሚገርመው ግን ጆሮዬ "ከግራ ነው" ይለኝ ነበር። የመኪና ወለል ድምፅን ወዲያ ወዲህ ይወስደዋል። የኩርባው ምርመራም ቢሆን አልፎ አልፎ ያሳስታል። ስለዚህ በእጅ ሳይረጋገጥ ዕቃ መግዛት የለም አልኩ።

ደልዳላ ቦታ ላይ አቆምኩ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝኩ፣ በክሪክ አነሳሁና ከሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገባሁ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ በዚህ ቀልድ የለም። አንድ እጄን ከጎማው አናት፣ ሌላውን ከሥር አድርጌ ገፋ ሳብ አደረግኩት። ምንም ንቅንቅ የለም። ያኔ "ደህና ነው" ብዬ ልተወው ትንሽ ቀረኝ። አሁን ለሰው ሁሉ የምነግረው ይህን ነው፦ ጎማው አለመላወሱ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። መላወስ የሚመጣው ብዙ ከተበላ በኋላ ነው።

(ቢላወስ ኖሮ አንድ ሰው ፍሬን እንዲረግጥልኝ አደርግ ነበር። ፍሬን ተረግጦ መላወሱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ቴስቲና (ጫፉ ኳስ የሆነ ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያ) ወይም ሌላ የመጋጠሚያ ክፍል መፈተሽ አለበት። ግራና ቀኝ ተይዞ ብቻ የሚላወስ ከሆነም መጀመሪያ የሚታየው የመሪ ቴስቲና ነው።)

ጥፋቱን የያዝኩት ከጎማው ጀርባ ባለው ሞላ፣ ማለትም መኪናውን በሚሸከመው ጥምዝ ብረት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ በአንድ እጄ ጎማውን እያዞርኩ የሌላውን መዳፍ ሞላው ላይ በስሱ አሳረፍኩ። ጣት በሞላው ጥምዝ መሃል እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው። በግራ በኩል ስሞክረው ምንም አልተሰማኝም። በቀኝ በኩል ግን መዳፌ ሥር ደቃቅ አሸዋ የሚፈጭ ይመስል ነበር። ጆሮዬ እዚያው ሆኖ የሰማው ነገር የለም፤ እጄ ግን አልሳተም። ሁለቱን ጎን ባላወዳድር ኖሮ ያንን ንዝረት ጤነኛ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ኩሽኔታውን አንድ ጋራዥ ቀየረልኝ። ብዙም ሳይቆይ ያው ድምፅ ተመለሰ። ሲፈታ የብረት ኳሶቹ በሚሽከረከሩበት ቀለበት ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች አየሁ። በፕሬስ (በመጫኛ ማሽን) ሲገባ የተገፋው በውስጠኛው ቀለበት ነበር ማለት ነው። ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ሲያልፍ አዲሱን ዕቃ ገና መኪናው ላይ ሳይወጣ ይጎዳዋል። ኩሽኔታው ወደሚቀመጥበት ቀዳዳ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጪው ቀለበት ነው። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ሲገባበት ደግሞ የውስጠኛው ቀለበት ከሥር መደገፍ አለበት።

በሁለተኛው ጊዜ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሌላም ነገር ተማርኩ። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ማግኔት ያለው በኩሽኔታው አንድ ፊት ላይ ነው። ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት በርቶ ይቀራል። የአክሱ ዳዶም አዲስ ተገዛ። የታሰረውም በግምት ሳይሆን በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ነው።

አሁን ጎማ በተነሳ ቁጥር ሞላውን ሳልዳስስ አላወርደውም። ባለፈው ጊዜ የኋላው ግራ ትንሽ ሻከር ብሎኛል። ገና አይጮኽም። ዕቃውን ግን ከወዲሁ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ።